አልጋ ያለው መኪና

ደጋን ላደገ ልጅ ቤት የሆነ መኪና ብርቅ አይደለም። ከተማችን ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወርደው አስፋልት ግራና ቀኝ የተደረደረች ናት። መንገዱ ባቲን አልፎ አፋር ይገባና ሚሌ ላይ ከአዋሽ ከሚመጣው ጋር ይገጥማል። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ እስኪፈነዳ ድረስ የአሰብ ወደብ ዕቃ በደጃችን ያልፍ ነበር። የተሳቢ ሹፌሮች ጥላ ፈልገው ይቆማሉ። ከተሳቢው ሆድ ሥር የተገጠመውን የብረት ሣጥን ሲከፍቱት ክዳኑ ጠረጴዛ ይሆናል፤ ከውስጡ ቡታጋዝ፣ ድስት፣ የዘይት ጠርሙስ፣ በላስቲክ የተቋጠረ በርበሬ ይወጣል። ረዳቱ ሽንኩርት ሲከትፍ ሹፌሩ ከወንበሩ ጀርባ ባለችው ጠባብ አልጋ ላይ ተጋድሞ እግሩን በመስኮት ያወጣል። እኛ ልጆቹ ከበን እናያለን። ያኔ ከዚህ የበለጠ የተመቸው ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ስለዚህ ታላቅ ወንድሜ ከዴንቨር ደውሎ «ውስጡ የሚታደርበት መኪና ፈልጊልኝ፤ ልጆቹን ይዤ ወሎን ላሳያቸው ነው» ሲለኝ አልሳቅሁበትም። እሱ የሚለው አሜሪካኖች አርቪ የሚሉትን ነው። ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር አንዱን ተከራይተው የሎውስቶን የሚባለው ፓርክ ድረስ ሄደው ተመልሰዋል። ከሹፌሩ መቀመጫ በላይ አልጋ፣ ከኋላ ሌላ አልጋ፣ መሀል ላይ ምድጃና ማቀዝቀዣ፣ ጥግ ላይ ሽንት ቤት። በተራ መንጃ ፈቃድ ራሱ ነድቶታል። ማታ ማታ ለዚሁ በተከለለ ሰፈር ይገባሉ፤ ከፍለው የመብራቱን ገመድ ይሰካሉ፣ የውኃውን ጎማ ይገጥማሉ። በጉዞው ማብቂያ የሽንት ቤቱን ጋን የሚደፉበት ጉድጓድ ሳይቀር ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። ልጆቹ ከተራራውም ከፍል ውኃውም ይልቅ መኪናውን ነው የወደዱት። «ሐይቅ ዳር አድረን ጎህ ሲቀድ መስኮት እንድንከፍት ነው የምፈልገው» አለኝ ጋሼ።

አዲስ አበባ ውስጥ ጠየቅሁ። አስጎብኚ ድርጅቶች ላንድክሩዘር ከነድንኳኑና ከነምግብ አብሳዩ ያከራያሉ፤ ወደ ዳናኪልና ወደ ኦሞ የሚሄዱ ፈረንጆች የሚጓዙት በዚያ ነው። ዋጋውን ስሰማ ዝም አልኩ። ገመድ የሚሰካበት ሰፈርማ ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ባሉት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ አንድም አላውቅም። በመጨረሻ አንድ ደላላ አባዱላ ሚኒባስ ከነሹፌሩ አመጣልኝ። የኋላ ወንበሮቿን አጥፈን ስፖንጅ ፍራሽ ብናነጥፍባት ልጆቹን ታስተኛለች ብዬ ለወንድሜ ፎቶ ላክሁለት። በጣም ደስ አለው።

ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ውል ላይ አልታማም። ሊብሬውን አየሁ፣ ቦሎው ያልተቃጠለ መሆኑን አየሁ፣ የሦስተኛ ወገን መድኑን ወረቀት ተቀብዬ ቀኑን አመሳከርሁ። ይህ መድን በአዋጅ ግዴታ ነው፤ አንዳንዱ ባለመኪና ግን ተለጣፊውን ብቻ አሳይቶ ማለፍ ይወዳል። ታርጋው ኮድ 3 መሆኑንም ቆሜ አረጋገጥሁ። ዘመድ ጎረቤቱ «የእገሌ የቤት መኪና ኮድ 2 ናት፣ በግማሽ ዋጋ ትሄዳለች» ማለቱ አይቀርም። ለግል አገልግሎት የተመዘገበ መኪና ሰው አሳፍሮ ሲያስከፍል ተይዞ ከመቆሙም በላይ፣ አደጋ ቢደርስ መድን ሰጪው «ውሌ ለዚህ አልነበረም» ብሎ እጁን ሊያወጣ ይችላል። ስኮርታውን አስወርጄ በእጄ ተጫንሁት። ክሪክ መኖሩን ጠየቅሁ። ባለመኪናው በሆዱ «ይቺ ሴትዮ» ሳይል አልቀረም።

ነዳጅ በእኛ፣ ኪራይ በቀን። ከዚያ የሹፌር አበልና አልጋ የሚለው መጣ። ባለመኪናው ይህ በተከራይ ነው አለ፤ ልማዱም እንደዚያ ነው። እኔ ግን «ሁሉንም ጠቅልለህ አንድ ዋጋ ንገረኝ፤ የሹፌሩን አንተ ቻል» አልኩት። ትንሽ ጨመረና ተስማማ። ያለ ክርክር ተስማማ። ዕድሜዬን በሙሉ ሒሳብ ስሠራ ኖሬ፣ ቶሎ የተስማማ ሰው ወጪውን ለማን ሊያስተላልፍ እንደሆነ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን አተረፍሁ ብዬ ለወንድሜ ነገርኩት።

ሹፌሩ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቃል የሚቆጥብ ልጅ ነው። ቅዳሜ ማታ ደውሎ «እህቴ፣ ነገ ባይሆን ጥሩ ነበር» አለኝ። ለምን ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ ልጆቹ ግመሉንም አፋሩንም ማየት አለባቸው፤ ስለዚህ እሁድ ደጋን ማደር አለብን። «ፕሮግራሙ ወጥቷል ወንድሜ» ብዬ ዘጋሁት።

እሁድ በማለዳ ወጣን። ደብረ ብርሃን ቁርስ፣ ጣርማ በር ጉም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ የሠራውን ዋሻ ስናቋርጥ ልጆቹ ጮኹ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ነን። ከዋሻው ወዲያ መሬቱ ይደረመሳል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ደብረ ሲና ድረስ ሲወርድ ሹፌራችን ከባድ ማርሽ አስገብቶ፣ ሞተሩን እያስጮኸ፣ በኤሊ እርምጃ ያዘው። ወንድሜ ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቷል፤ ካርታው የምንደርስበትን ሰዓት በየደቂቃው ወደ ኋላ ይገፋል። «ወንድሜ፣ ትንሽ ብትለቃት?» አለው። ልጁ ፈገግ ብሎ ማርሹን እንደያዘ ቀጠለ።

ደብረ ሲና ስንደርስ ዳር ይዞ ቆመና ወረደ። የፊት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ መዳፉን ወደ ቸርኬው አስጠጋ፤ ሳይነካው፣ ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው አቆመው፤ እንደዚያው ቆየ። ከዚያ በሌላኛው ጎን ዞሮ እንዲሁ አደረገ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ሽው አለኝ። «ሲበርድ እንሄዳለን» አለ። ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ወርረውት ነበር፤ ልጆቹ በየኪሳቸው አስሞሉ። ወንድሜ በእንግሊዝኛ ለሚስቱ አንድ ነገር አጉረመረመ፤ እኔም በልቤ ከእሱ ጋር ነበርኩ። ያን መዳፍ ከኪራዩ ጋር አላያያዝሁትም። የከፈልኩት ለመኪና ነዋ!

ሸዋ ሮቢትን አልፈን ሰንበቴ ስንደርስ የቅዳሜው ስልክ ምን እንደነበረ ገባኝ። የሰንበቴ ገበያ እሁድ ነው። ስሙን ስጠራው የኖርሁት ገበያ ነው፤ ቀኑን ከጉዞዬ ጋር ለማገናኘት ግን አልተጨነቅሁም። አስፋልቱ አህያ፣ ግመል፣ ባጃጅ፣ ጆንያ የተሸከመ ሰው ሆኗል። ሹፌሩ መሪውን ይዞ ጥሩንባ እንኳ ሳያሰማ በሰው መሀል እንደ ውኃ እየሰረገ አለፈ። «ነግሬሽ ነበር» አላለኝም።

ከሚሴን፣ ሐርቡን፣ ኮምቦልቻን አልፈን ደጋን ስንገባ ዓይን ለዓይን አያስተያይም። አክስቴ በሩ ላይ ቆማለች። መኪና ውስጥ ነው የምናድረው የሚለውን የወንድሜን ሐሳብ እኔው እንድነግራት ተላክሁ። «አስተግፊሩላህ! ቤት እያለኝ ደጄ ላይ? ጎረቤቱ ምን በደለቻቸው ይበለኝ?» አለች። በዚያው አለቀ። በኋላ ሳስበው፣ ወሎ ውስጥ አርቪ የማያስፈልገው መንገዱ ስለማይመች ብቻ አይደለም፤ በየቀበሌው የሚቀየም ዘመድ ስላለ ነው። ልጆቹ የአክስቴን አልጋ ወረሱ፣ እኛ ፍራሽ ላይ ተደረደርን። ሹፌሩ እራት ቀማምሶ፣ ቡናውን እስከ በረካ ጠጥቶ ተነሣ፤ አክስቴም ከተማው ውስጥ አልጋ የያዘ መሰላት። እሱ ለእኔ ብቻ «መኪናዋን እጠብቃለሁ» አለኝ። እሺ አልኩት። አንድ ሰው መኪና ሲጠብቅ የት ጋደም እንደሚል ማሰብ ከእኔ የሚጠበቅ አልመሰለኝም።

ስለ ባቲ ብዙ አልጽፍም፤ ባቲን ያላየ ሰው ሰኞ ቀን ሄዶ ይየው። ልጆቹ ግመል ሲያገሳ ፈርተው መኪና ውስጥ ገቡና ፍራሹ ላይ ተኙ። ፍራሹ ያገለገለው ቀን ቀን ለእነሱ ነው። ማታ ለማን እንዳገለገለ ቆይቼ ነው የሰማሁት።

ከባቲ ደሴ ወጣን። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል፤ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ ማታ ማታ አጥንት ውስጥ ይገባል። ሆቴል ያዝን። ሹፌሩ መኪናዋን ግቢ አስገብቶ «እዚሁ ነኝ» አለ። በማግስቱ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወዳለው ሐይቅ ሄድን።

እዚህ ላይ የወሎ ነገር አለ። የወንድሜ ሚስት ክርስቲያን ናት፤ ሐይቅ እስጢፋኖስን ለመሳለም ስትመኝ የኖረችው እሷ ነች። ወደ ገዳሙ ግን ሴት አይገባም። ስለዚህ እስላሙ ወንድሜ ወንድ ልጁን አስከትሎ ገባላት፤ እሷ፣ ትንሿ ልጅና እኔ ዛፍ ሥር ቀረን። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበትን ገዳም ከውጭ እየተሳለመች «እሱ ገብቶ ምን ሊያደርግ ነው?» እያለች ትስቃለች።

ሹፌሩ በሩን ከፍቶ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ አዘንብሎ፣ ክንዱን ዓይኑ ላይ ጥሎ ተኝቷል። ልጅቷ ዳቦ ቆሎዋን ልታካፍለው ሄዳ ቀሰቀሰችው። ደንግጦ ሲነሣ ዓይኑ ደም መስሏል። «አልተኛህም እንዴ ሌሊቱን?» አልኩት። «ደሴ ይበርዳል እኮ» አለ። «ሆቴሉ ብርድ ልብስ አልሰጠህም?» ስለው ነገሩ አልገባኝም ነበር። እሱም እንዳልገባኝ እስኪገባው ትንሽ ቆየ። ከዚያ ባለመኪናው «ከተከራይዋ ጋር ተነጋግረናል፣ እነሱ ያስተኙሃል» እንዳለው ነገረኝ። አበል የሚባል አልተሰጠውም። ደጋንም ደሴም የልጆቹ ፍራሽ ላይ፣ ጃኬቱን ለብሶ፣ መስኮቱን ለትንፋሽ ያህል ከፍቶ አድሯል። ምሳውን ከእኛ ጋር ካልበላ ከኪሱ ነው። አቤቱታ አላሰማም፤ ያወራው ስለሌላ ሰው በሚመስል ድምፅ ነው። «የለመድነው ነው እህቴ፣ አብሽሪ» ብሎ እኔኑ አጽናናኝ።

መኪና ውስጥ ማደር ያማረን እኛ አልጋ ላይ ተኛን። ምንም ያላማረው ሰው መኪና ውስጥ አደረ። እኔ ደግሞ በድርድሬ የቀነስኩት ገንዘብ የባለመኪናው መስሎኝ ነበር።

ለወንድሜ ወዲያው አልነገርኩትም፤ አፈርሁ። ማታ ለሹፌሩ አልጋ እይዝለታለሁ ብዬ በልቤ አስተካከልሁት። ማታ ግን ከመምጣቱ በፊት የሐረጎ ቁልቁለት ነበረ። ከሐይቅ ስንመለስ ደሴን አልፈን ደጋን ወርደን አክስቴን ልንሰናበት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ከፍታው 600 ሜትር ያህል ይወርዳል። በሐረጎ ጀርባ ተሳቢው ሲወጣ፣ ሚኒባሱ ሲወርድ፣ በግራ ገደል ነው። ጠመዝማዛው ሊጀምር ሲል ሹፌሩ ዳር ይዞ ቆመ። ማርሹን አስገባ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ወርዶ ከኋላው ጎማ ሥር ድንጋይ ወሸቀ። ተመልሶ መስኮቴ ጋ መጣና ዝቅ ባለ ድምፅ «እህቴ፣ ዐሥር ደቂቃ ልተኛ። ሐረጎን እንደዚህ ሆኜ አልወርድም» አለኝ።

ወንድሜ ሰዓቱን አየ። ያኔ ነው ሁሉንም የነገርኩት፤ እዚያው፣ የተሳቢዎቹ ጭስ እየገባብን። ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተ። ልጆቹን አስወርዶ ጥላ ሥር አስቀመጠና ፍራሹን ለሹፌሩ አስተካከለለት። ከዐሥር ደቂቃ በላይ ተኛ፤ ማንም አልቀሰቀሰውም። እኔ ጠመዝማዛውን ቁልቁል እያየሁ፣ ልጁ ለመጠየቅ ቢያፍር ኖሮ፣ ወይም እኛ «ቶሎ በል» ብንለው ኖሮ፣ ያረጋገጥኩት ስኮርታና ቦሎ ምን ሊያደርግልን ነበር እያልኩ ነበር።

አክስቴ ስትሰማ እኔን አላናገረችኝም። በቀጥታ እሱን ነው የያዘችው፦ «ልጄ፣ የመጀመሪያው ቀን ግቢዬ ውስጥ ነው ያደርከው? እኔ ተኝቼ?» እሱ «ምንም አይደል እናቴ፣ ደጋን አይበርድም» ይላል። «ብርዱን ነው እንዴ የጠየቅሁህ!» አለችና የእንግዳ ጋቢ አውጥታ ራሷ ከምትተኛበት ክፍል አልጋ አነጠፈችለት። ወደ እኔ ዞር ያለችው ቡናው ሲቀርብ ነው። «የተሳቢ ሹፌሮች እዚህ ደጅ ሲያርፉ እናትሽ ውኃ ሳትሰጥ ያሳለፈችው ሰው አለ?» አለችኝ። የለም። አስታውሳለሁ፤ ጆጉን ይዤ የምሄደው እኔ ነበርኩ። በልጅነቴ የተመቸው የመሰለኝ ያ ተሳቢ ላይ የተጋደመው ሰው ቤቱ ሩቅ፣ መንገዱ በረሃ፣ እንቅልፉ የተሰረቀ እንደነበር እናቴ ታውቅ ኖሯል። እኔ ያየሁት እግሩን በመስኮት ማውጣቱን ነው።

የሹፌርን እንቅልፍ ነገር ከእኛ በፊት ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ለመስከረም 21 ግሼን ማርያም አውቶቡስ ይዘው የሚወጡ ማኅበርተኞች ጓደኞች አሉኝ። ከእነሱ መሀል አንዲት ሴት ሥራዋ ሹፌሩንና ረዳቱን ማብላትና ማስተኛት ብቻ ነው። ተሳላሚው ሜዳ ላይ ቢያድር ሹፌሩ ግን ጣሪያ ሥር ይተኛል። ሌሊቱን ወረብና ዝማሬ ሲሆን እሱን የሚቀሰቅስ ይቆጣሉ። ጽድቅ ስለሆነ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ በማግስቱ የግሼንን ቁልቁለት የሚያወርዳቸው እሱ ስለሆነም ነው። የሠርግ አጃቢ መኪና ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሹፌሩን ሌሊቱን ሙሉ አስጨፍረውና አጠጥተው ጠዋት መሪ ያስጨብጡታል፤ ይህንንም ፍቅር ይሉታል። ለሱ ሲሉ «በል አንድ ድገም» የሚሉ ዘመዶቼን ስም ባልጠራ ይሻላል።

አሁን መኪና ስይዝ ከባለመኪናው ጋር የምነጋገረው አጭር ነው፤ ሰነዱን አያለሁ፣ በኪራይ እስማማለሁ። ረጅሙ ንግግር ከሹፌሩ ጋር ነው፣ ባለቤቱ በሌለበት። አበሉን በየማታው በእጁ እሰጣለሁ፤ በባለመኪና በኩል የሚያልፍ አበል መንገድ ላይ ይቀልጣል። አልጋውን ከእኛ አልጋ ጋር በአንድ ጊዜ እይዛለሁ። መኪናዋ ዘበኛ ያለው ግቢ ትገባለች፤ ዘበኛ ከሌለ ከፍዬ ዘበኛ አቆማለሁ፤ ከፍራሽ አይወደድም። ፀሐይ ሳትጠልቅ የምንደርስበትን ከተማ እሱ ይመርጣል። ከጣርማ በር በኋላ ደብረ ሲና ላይ ይቁም አይቁም የሱ ጉዳይ ነው፤ እኔ ቆሎዬን እገዛለሁ። ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ተከራይዋ አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?» ይሉኛል። ይበሉ። ደሴ ላይ የአንድ ሰው አልጋ ዋጋ እኮ በዚያ ጉዞ ኮምቦልቻ ላይ ለጥብስ ካወጣነው ያንሳል፤ ደረሰኙ አለኝ።

ወንድሜ ከተመለሰ በኋላ ያንን ሹፌር ስልኩን ይዤ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ አክስቴ የልጇን ሠርግ ደግሳ ስትጠራን ደወልኩለት። ሠርጉ ሰኞ ነበር፤ ቅዳሜ ሥራ ስላለኝ እሁድ እንውጣ አልኩት።

«እሁድ አልነዳም» አለኝ። «ሰንበቴ ገበያ ነው።»

ቅዳሜን ፈቃድ ጠይቄ ወጣን።